የ1937ቱን የእንጨት ናሮውቦት ልግዛ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው በርሚንግሃም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቦይ ላይ የታሰረ፣ በ1937 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሪክማንስወርዝ የተሠራ፣ ወደ 22 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ ሞተር የሌለው የእንጨት ናሮውቦት (ለእንግሊዝ ጠባብ ቦዮች የተሠራ ረጅምና ጠባብ ጀልባ) በ6 ሺህ ፓውንድ ቀርቦልኛል። ሻጩ ውሃ አያስገባም፣ የደኅንነት ሰርተፊኬት አለው፣ በብሔራዊ መዝገብ የሰፈረ ቅርስ ነው ይላል። ሐሳቤ ከግንቦት እስከ መስከረም ከውሃ አውጥቼ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ውጭውን በፋይበርግላስ ማልበስ፣ ውስጡን ፎም ነፍቼ ቤት ማድረግ ነው። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ ስለሌለኝ እየተንቀሳቀስኩ እኖርበታለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ባሰቡት መንገድ ከሆነ አይግዙ። ጀልባውን ስላላየሁት መጥፎ ነው አልልም። ማድረቁም፣ ፋይበርግላሱም፣ ፎሙም ግን ወደ ዘጠና ዓመት የተጠጋን የእንጨት ጀልባ ቶሎ የሚገድሉ ነገሮች ናቸው። ሻጩ የነገረዎት ሦስት ነገር ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቀፎው፣ ማለትም ውሃው ላይ ስለሚቀመጠው የጀልባው አካል፣ ጤና ግን አንዱም አይናገርም።

ከወረቀቱ ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። የደኅንነት ሰርተፊኬቱ በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ የሚመረመረውም ጋዙ፣ ነዳጁ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የእሳት መከላከያው ነው። መርማሪው ቀፎውን አይፈትሽም። የጋዝ ቱቦው ደህና የሆነ ጀልባ ነገ ሊሰምጥ ቢሆንም ዛሬ ሰርተፊኬት ያገኛል። ብሔራዊ የታሪካዊ መርከቦች መዝገብ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት፣ ርዝመታቸው ከ33 ጫማ የሚበልጡ መርከቦችን ይመዘግባል። ክብር ነው፣ አላጣጥለውም። እንደ ታሪካዊ ሕንፃ ግን የሕግ ጥበቃ አይሰጥም፤ የጥገናውንም ሂሳብ ማንም አይከፍልልዎትም።

አሁን ወደ እንጨቱ። የቀረበልዎ ጀልባ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ግራንድ ዩኒየን ካናል ካሪይንግ የተባለው የጭነት ኩባንያ በ1930ዎቹ አጋማሽ እጅግ ብዙ ጀልባ አሠራ፤ የብረቶቹ በዉልዊችና በኖርዝዊች፣ የእንጨቶቹ ሪክማንስወርዝ ውስጥ በዎከር ወንድሞች ግቢ ተሠሩ። የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነበር፤ ሞተር ያለው ከፊት፣ «በቲ» የሚባለው ሞተር አልባ ከኋላ እየተጎተተ። የእርስዎ በቲ ነው። ቤተሰብ በሙሉ ከኋላ ባለችው ከሦስት ሜትር ብዙም በማትበልጥ ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር፤ የቀረው ርዝመት በሙሉ የጭነት ነበር፣ በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል። ስፋቱ 2.13 ሜትር ማለትም 7 ጫማ ብቻ የሆነው ጄምስ ብሪንድሊና ተከታዮቹ በ18ኛው መቶ ዘመን የመካከለኛው እንግሊዝን ቦዮች ሲሠሩ ሎኮቹን በዚያ ልክ ስላጠበቧቸው ነው። ሎክ ማለት በሁለት በኩል በር ያለው፣ ውሃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባን ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግር ክፍል ነው። ይህን ልክ ያስታውሱት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚህ አገር የእንጨት ናሮውቦት እንደ ልማዱ ጎኑ ከኦክ፣ ወለሉ ከኤልም ይሠራል። የወለሉ ሳንቃዎች ከግራ ወደ ቀኝ ይነጠፋሉ፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ የቦዩን ጭቃና ድንጋይ እየፋቁ ይሄዳሉ፣ ቢሆንም የሚበሰብሱት እነሱ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ደረቅ እንጨት አይበሰብስም። ውሃ ጠጥቶ የጠገበም አየር ስለሌለው አይበሰብስም። የሚያልቀው መካከል ላይ ያለው ነው፤ ዛሬ ረጥቦ ነገ የሚደርቅ፣ ከነገ ወዲያ እንደገና የሚረጥብ። ስለዚህ የእንጨት ጀልባ የሚሞተው ከላይ ወደ ታች ነው። ዝናብ ከላይኛው ጠርዝ ሥር ይገባል፣ በኋለኛው ክፍል ጣሪያ ማዕዘን ይሰርጋል፣ ከሳንቃውና ከውስጥ ጉልበቶቹ (ሳንቃዎቹን ከውስጥ ከሚይዙት ድጋፎች) መካከል ይቀመጣል። ምድጃው ከውስጥ ያሞቀዋል። ፈንገስ ከዚህ የተሻለ ቤት አይፈልግም።

ማስረጃ ከፈለጉ ኖርዝዊች አቅራቢያ ቢሊንጅ ግሪን የሚባል ቦታ አለ፤ ከትሬንት ኤንድ መርሲ ቦይ ጎን መሬት ሰምጦ የተፈጠረ ኩሬ ነው። በ1948 ቦዮቹ የመንግሥት ከሆኑ በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ሥራ ያጡ ጀልባዎች እዚያ ተወስደው ሆን ተብለው ሰመጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከውሃው ወጥተው ወደ ጥገና የገቡ አሉ። በዚያው ዘመን ሰው አዝኖላቸው ሜዳ ላይ ያወጣቸው ጀልባዎች ግን አፈር ሆነው አልቀዋል። እኔም ሙያተኛ አይድንም ባለው ጀልባ ባለቤቱ ሲያለቅስ አይቼ፣ ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ ማስመጥን በቁም ነገር የመከርኩበት ጊዜ አለ። በቦዩ አስተዳዳሪ ፈቃድና በተመረጠ ቦታ ካልሆነ ግን አይሞከርም።

ከግንቦት እስከ መስከረም ፀሐይ ላይ ማቆም ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ ይታይዎታል። ለሥራ አንድ ሁለት ሳምንት ደረቅ ግድብ (ውሃው ተለቅቆ ጀልባ የሚጠገንበት ገንዳ) ውስጥ ማውጣት የተለመደ ነው፣ ይደረጋል። አምስት ወር ግን ሳንቃዎቹ ይኮማተራሉ፣ መጋጠሚያቸው ይከፈታል፣ የተወተፈው ቃጫ ይረግፋል። ከዚህ የባሰውን ልንገርዎ፦ የተከፈተውን ክፍተት በደረቁ አጥብቀው ከወተፉት፣ ጀልባው ውሃ ውስጥ ሲመለስ እንጨቱ ያብጣል፤ የሚያብጥበት ቦታ ስለሌለው ሳንቃውን ከጉልበቱ ላይ ይገፋዋል፣ የዛገ ምስማር ይበጥሳል። ሁለት ወንድማማች ሆነው ክረምቱን ሙሉ የወተፉት ጀልባ በተንሳፈፈ በሦስተኛው ቀን ጎኑ ሲፈነዳ አይቻለሁ። የእንጨት ጀልባ በትንሹ ክፍተት ተተውቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ራሱን እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጠዋል። በተጨማሪም ይህን ያህል የረዘመ ጀልባ በሁለት ሦስት ድጋፍ ላይ ከተቀመጠ ጫፎቹ ይወድቃሉ፤ እንደ ግመል ጀርባ የጎበጠ ጀልባ ደግሞ አይቃናም።

ፋይበርግላስ። ሐሳቡ ለሰው ጥሩ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ቀዳዳ ያለውን ነገር በፕላስቲክ ከጠቀለሉት ያበቃል ይመስላል። እርጥብ ኦክ ላይ ሙጫው በደንብ አይይዝም። ቢይዝም እንጨቱ ከእርጥበቱ ጋር ያብጣል ይኮማተራል፣ ፋይበርግላሱ አይንቀሳቀስም፤ አንድ ቦታ ይላቀቃል። ከዚያ ውሃ በመካከላቸው ይገባል፣ መውጫ የለውም። ከዓመታት በፊት እንደ አዲስ መኪና የሚያብለጨልጭ ጀልባ ቀርቦልኝ ነበር። ጠርዙን በመሮ ስከፍተው ውስጡ ያለው ኦክ በጣት ሲነካ እንደ በሶ ይበናል። ቅርጹን ይዞ የቆመው ፕላስቲኩ ብቻ ነበር። ፎሙም ያው ነው። ለብረት ጀልባ ሙቀት ይይዛል፣ ስለዚህ ሁሉም ይነፋዋል። እንጨት ላይ ከተነፋ ግን ጉልበቶቹን ከአየር ይቆልፋል፣ ብስባሹንም ከዓይንዎ ይሰውራል።

የድሮዎቹ ሠሪዎች ውሃ እንዳይገባ ያደረጉት በሌላ መንገድ ነው። በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ቅጥራን የጠጣ ቃጫ በመዶሻ ይወተፋል፣ በላዩ ትኩስ ዝፍት ይፈስበታል። የጭነቱ ክፍል ከውስጥ ደግሞ ቅጥራን፣ የፈረስ ፋንድያና የከብት ፀጉር አንድ ላይ ተፈልቶ ይለቀለቃል፤ በላዩ ስስ ሳንቃ ይመታበታል። ቤት በእበት ሲለቀለቅ እያየ ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ እኔ የእንግሊዝ ባልደረቦቼ ሲያሳዩኝ የሳቅኩት አገሬ ገጠር የተመለስኩ መስሎኝ ነው። ይህ ልቅላቂ ከእንጨቱ ጋር ይተጣጠፋል፣ ሲያረጅ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ዋናው ነገር ሊነሣና ሊተካ መቻሉ ነው።

«ውሃ አያስገባም» የሚለውን ደግሞ እንዲህ ይፈትኑት። አሮጌ ጀልባ ለዓመታት አንድ ቦታ ታስሮ ከቆየ ጭቃው ራሱ መጋጠሚያውን ይደፍነዋል። የጥንቶቹ ጀልባ ነጂዎች ሳይቀሩ አመድና የእንጨት ብናኝ ከጀልባው ሥር ይበትኑ ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚሳበው ውሃ ብናኙን ይዞት እየገባ ቀዳዳውን ይዘጋል። ይህ ጀልባ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይሠራል። ሻጩ ባለበት፣ የገባውን ውሃ የሚያወጣውን አውቶማቲክ ፓምፕ ያጥፉ፣ በጀልባው ሆድ ያለውን ውሃ በማስመሪያ ይለኩ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይመለሱና እንደገና ይለኩ። ፓምፑን ማጥፋት አይሆንም ካለ መልሱን አግኝተዋል። ጥቂት ውሃ መግባቱ አያስደነግጥም፣ የእንጨት ጀልባ ነውና። የሚያስደነግጠው ባለቤቱ በቀን ስንት እንደሚገባ አለማወቁ ነው።

ከዚያ ስፋቱን መካከሉ ላይ ይለኩ። የገባሁልዎ ቃል ይህ ነው፦ የእንጨት ቀፎ ሲያረጅ እንደ ተፈታ መቀነት ወደ ጎን ይሰፋል። በጭነቱ ክፍል ከጎን ወደ ጎን የሚወጠሩት ሰንሰለቶች ጎኖቹን እንዲይዙ የተደረጉት ለዚህ ነው። 7 ጫማ ሆኖ የተሠራ ጀልባ ሁለት ኢንች ከሰፋ 7 ጫማ ሎክ ውስጥ ይቀረቀራል፤ አንዳንዶቹ ሎኮችም ግድግዳቸው እየገፋ ጠበዋል። ከበርሚንግሃም በየትኛውም አቅጣጫ ለመውጣት ጠባብ ሎክ አለ። በተጨማሪ ርዝመቱ በሰሜን አይሄድም፤ በካልደር ኤንድ ሄብል ቦይ 57 ጫማ ተኩል፣ በሊድስ ኤንድ ሊቨርፑል ከዊጋን እስከ ሊድስ 62 ጫማ ገደማ ነው የሎኩ ልክ፤ የእርስዎ ጀልባ ከ71 ጫማ በላይ ነው።

እየተንቀሳቀሱ መኖሩን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በ1995 የወጣው ሕግ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆም ይላል፤ ከ2012 ጀምሮ አብዛኞቹን የእንግሊዝና የዌልስ ቦዮች የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ይህን ይከታተላል። በቲ ሞተር የለውም። በየሁለት ሳምንቱ ማን ይጎትትልዎታል? በብርዱ ወራት ደግሞ ቦዩ በረዶ ሲይዝ የእንጨት ጀልባ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስስ በረዶ የውሃውን መስመር እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ቢሰምጥብዎት ደግሞ በ1983 ሕግ አንቀጽ 8 መሠረት ትረስቱ አውጥቶ ወጪውን ከእርስዎ መጠየቅ ይችላል። የሰመጠ ባለ 22 ሜትር ጀልባ ማስወጫ ስንት እንደሚያስወጣ ሲያስቡት 6 ሺህ ፓውንዱ ከቀብድም አይቆጠርም።

ጥገናው ምን እንደሚመስል ደግሞ ሳልነግርዎ ብቀር ይቅርታ አይደረግልኝም፣ ምክንያቱም ሥራው የሚያስፈራውን ያህል ያምራል። የተበላሸው ሳንቃ ተነቅሎ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። አዲሱ ኦክ፣ ርጥብ እንጂ የደረቀ አይሆንም፣ በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ደንቡ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ሲወጣ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ቆዳ ይለስልሳል፤ በዚያች ጊዜ አምስት ስድስት ሰው ተሸክሞት ሮጦ ከጀልባው አፍንጫ ቅርጽ ጋር አጥፎ በመያዣ ማሰር አለበት። ከዘገየ ይሰበራል፣ የሁለት ሰዓት ማገዶና የብዙ መቶ ፓውንድ እንጨት ሄደ ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ኤልም ደግሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገባው የኤልም በሽታ የእንግሊዝን ትልልቅ ዛፎች ስለጨረሰ በሚፈለገው ስፋት ማግኘት ችግር ነው። ሌላ አደጋ ምስማሩ ነው፤ የኦክ አሲድ ብረትን ይበላል። በምስማሩ ዙሪያ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር እድፍ ካዩ ውስጥ ያለው ብረት መርፌ አክሎ ይሆናል። ስቴንለስ ስቲል ይሻላል ብለው እንዳይቸኩሉ፤ እርጥብ ኦክ ውስጥ አየር አጥቶ በስውር ይቦረቦራል። በወፍራሙ ዚንክ የተነከረ ብረት ዛሬም የተሻለ ነው።

«ሁሉ ከተቀየረ ያው ጀልባ ነው ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። ብራውንስተን ላይ ያለውን «ሬይመንድ» ይመልከቱ። በ1958 የተሠራ፣ ለንግድ ጭነት የተሠራ የመጨረሻው የእንጨት ናሮውቦት ነው፤ በ1970 እስኪቆም ድረስ ከአተርስቶን ከሰል ጭኖ ሳውዝኦል ወዳለው የጃም ፋብሪካ በሚሄደው ሥራ ላይ ነበር። ዛሬ የሚያዩት እንጨት አብዛኛው አዲስ ነው። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። እነዚህ ጀልባዎች በሥራ ዘመናቸውም ሳንቃቸው ሲቀያየር ነው የኖሩት። ቅር የሚለኝ አሮጌው ሳይለካ፣ ፎቶ ሳይነሣ፣ ብረታ ብረቱ ሳይሰበሰብ ሲጣል ነው። መጀመሪያ መዝግቡ፣ ከዚያ ንቀሉ።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? መኖሪያ ከሆነ የሚፈልጉት፣ የብረት ናሮውቦት ይግዙ። ፎሙን እዚያ ይንፉ፣ ሞተሩ በየ14 ቀኑ ይወስድዎታል። እንጨቱ ከሆነ የሚስብዎት ደግሞ ከጀልባ ግዢ በፊት እጅዎን ያሟሹ። አሽተን አንደር ላይን አካባቢ ያለው የእንጨት ቦይ ጀልባዎች ማኅበር በ1914 የተሠራውን «ሄዝል»ን አድሶ ሰዎች ቀን የሚያሳልፉበት ጀልባ አድርጎታል፤ በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል። ለእርስዎ የሚቀርበው ደግሞ ደድሊ ያለው የብላክ ካንትሪ ሙዚየም ነው፤ በ1909 የተሠራው የእንፋሎት ጀልባ «ፕሬዚደንት» ከነበቲው «ኪልዴር» የዚያ ነው፣ የሚያንቀሳቅሱትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ የብርድ ወቅት መወተፊያ ይዘው ካሳለፉ በኋላ ያ ጀልባ አሁንም የሚያጓጓዎት ከሆነ ይህን ደብዳቤ እንደገና ያንብቡት።

ያም ሆኖ ልቤ ተሰርቋል ካሉ፣ ከገንዘቡ በፊት ሦስት ነገር ይኑርዎት፦ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈልበት ቋሚ ማሰሪያ፣ ጀልባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን ከጎን አየር የሚያስገባ ሸራ፣ በሁለት ዓመት አንዴ የሚቀበልዎ ደረቅ ግድብ። ሸራው ከሁሉም ይበልጣል፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ይዘርጉት። ዝናቡ ከቆመ ብስባሹ ይዘገያል፣ ለማሰብም ጊዜ ያገኛሉ። የኋለኛውን ክፍል በር ሲዘጉ አየር ማስገቢያውን ክፍት ይተዉ። ጎኖቹ ከውሃ መስመር በላይ እንዳይሰነጠቁ በሙቀቱ ወራት በቦዩ ውሃ ያርጥቧቸው።

ስለ እንጨት የሚያውቅ ሰርቬየር (የጀልባ መርማሪ) ይቅጠሩ፤ በብረት ጀልባ የለመደው በውፍረት መለኪያው ምንም አያገኝም። የእንጨቱ ሰው በመዶሻ ያዳምጣል፣ በቀጭን ወስፌ ይወጋል፦ ከላይኛው ጠርዝ ሥር፣ በፊትና በኋላ ምሰሶዎች ግርጌ፣ ጉልበቶቹ ወለሉን በሚነኩበት ቦታ። ኢንሹራንሱም ለዚህ ዕድሜ ጀልባ ያለዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይሰጥዎትም። ምርመራው ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ነው የሚደረገው፤ ወጪው የእርስዎ ነው። ሻጩ አይወጣም ካለ ድርድሩን እዚያው ያቁሙት።